ከሳሙናው ሳፋ ማዶ

አቶ አኒዚዮ፣ በእኛ አጠራር ሴኡ አኒዚዮ፣ በግቢያቸው በር ላይ የሳሙና ውኃ የሞላ ሳፋ ያስቀመጡ ዕለት መንደሩ በሙሉ ሳቀባቸው። «ሽማግሌው ሆስፒታል ከፈቱ» አልን። ቀዩ ተባይ ከወንዙ ማዶ ያለውን ቁልቋል በልቶ ሲጨርስ ግን ሳቁን ተውነው።

በእኛ ደረቅ አገር፣ በሰርታው፣ ቁልቋል ማለት የከብት ነፍስ ነው። ሣሩ ይነዳል፣ ኩሬው ይደርቃል፤ ይህ እሾህ የሌለው፣ ቅጠሉ እንደ በለስ የወፈረ ተክል ግን ውኃውን በሆዱ ይዞ ይቆያል። ከትፈው ገንዳ ውስጥ ሲያደርጉላት ላሚቱ ትበላዋለችም ትጠጣዋለችም። ተባዩ ደግሞ እንደ ጥጥ ብናኝ ነጭ ሆኖ ቅጠሉ ላይ ይለጠፋል። በጣት ቢጨፈልቁት ደም የመሰለ ቀለም ይወጣዋል። በነፋስ ይሄዳል፣ በፍየል ጠጉር ይሄዳል፣ በሰው ልብስ ይሄዳል። አንድ ጊዜ ከገባ በጥቂት ወራት ማሳውን አበስብሶ ይጥለዋል።

በዚያ የድርቅ ዓመት በአካባቢያችን ንጹሕ የቀረው የሴኡ አኒዚዮ ማሳ ብቻ ነበር። ሟች ሚስታቸውና እሳቸው በሙሽርነታቸው የተከሉት ማሳ ነው። ስለዚህ ሕግ አወጡ። ከማዶ የመጣ ሰው እጅና እግሩን ሳይታጠብ በሩን አያልፍም፤ ታጥቦም ቢሆን ቁልቋሉ ውስጥ አይገባም። ሕጉን የምታስከብረው ብቸኛ ልጃቸው ዶራሊሲ ነበረች። እኛ ዶራ እንላታለን። ሳፋውን በእግሯ ስትገፋላችሁ አለመታጠብ አይሞከርም።

ቁልቋል ግን ብቻውን አያኖርም። ድርቆሽ ካልተቀላቀለበት ከብቱን ያስቀምጠዋል፣ ላም እየበላች ትከሳለች። ያን ዓመት የሴኡ አኒዚዮ ላሞች ሆዳቸው ሞልቶ ጎናቸው ይቆጠር ነበር። ከማዶ ደግሞ የዶና ዜፊኛ ልጅ ጄኒቫል ተቃራኒው ደርሶበታል። ቁልቋሉን ተባይ ጨርሶበት ላሞቹን አጥቷል። የቀረው አንድ አህያ፣ አንድ ጋሪና ከተራራው ሥር እያጨደ የሚከምረው ድርቆሽ ነው። እንግዲህ ሽማግሌው ወደዱም ጠሉም ከማዶ ሰው መጥራት ግድ ሆነባቸው።

«እጅህን» አለችው ዶራ በመጀመሪያው ቀን።

«ደህና አደርክ ይቀድማል።»

«እጅ ይቀድማል። ደህና አደርክን ከታጠብክ በኋላ ታገኛለህ።»

ጄኒቫል ጎንበስ ብሎ እስከ ክርኑ ታጠበ። ለረጅም ጊዜ ትልቁ ከተማ ሳኦ ፓውሎ በግንባታ ሥራ ቆይቶ ስለመጣ እንደ አዲስ ነው የምታየው። «ፊቴንስ?» አላት።

«ፊትህ ለተባዩም አይመች።»

ሳቀ። ሳቁ ረጅም ነበር፤ አባትዮው ሰምተው ብቅ አሉ። ጄኒቫልም በሳቁ እንደተሟሟቀ ባርኔጣውን አነሳና «ሴኡ አኒዚዮ፣ ይባርኩኝ!» አለ።

በእኛ አገር ልጅ ሲነሳም ሲተኛም ወላጁን «ይባርኩኝ» ይላል፣ ወላጅም «እግዚአብሔር ይባርክህ» ይላል። የሌላ ሰው አባት ፊት፣ ያውም ልጃገረድ ባለችበት ደጅ፣ እንዲህ ማለት ግን ልጅዎን ይስጡኝ ከማለት አይተናነስም። ጄኒቫል ለቀልድ ነው ያለው። ሴኡ አኒዚዮ ግን ቀልድ አይወዱም።

«አባትህ አይደለሁም» አሉት። «ድርቆሽህን አውርድ።»

ድርቆሹ ከበሩ ውጭ ይወርዳል፤ ዶራ ፀሐይ ላይ በትና ታገላብጠዋለች። እሱ ጋሪው ላይ ተቀምጦ ይጠብቃል፤ ለምን እንደሚጠብቅ ማንም አልጠየቀውም። መሀላቸው ሳፋው አለ።

«ከሳኦ ፓውሎ ለምን ተመለስክ?» አለችው አንድ ቀን።

«እናቴ ብቻዋን ሆነች።»

«እሱን ሁሉም ያውቃል። ሌላውን ንገረኝ።»

«እዚያ ዝናብ ሲዘንብ ሰው ይራገማል። ጫማዬ፣ መኪናዬ፣ ፀጉሬ ይላል። እኔ ደስ ይለኝ ነበር። ሥራዬን ጥዬ እወጣና እቆማለሁ። ግን ለማን ልንገረው? ቢሰሙኝ እብድ ነው የሚሉኝ።»

ዶራ መንሹን ይዛ ቀና አለች። አየችው። እሱም አያት። ያን ዕለት ማታ ዶራ ገንዳው ውስጥ ቁልቋሉንና ድርቆሹን በእጇ ስትቀላቅል ያለ ምክንያት ፈገግ ትል ነበር። ወዳዋለች። ይህን ለማወቅ ጠንቋይ አያስፈልግም።

መጋቢት ላይ የቅዱስ ዮሴፍ በዓል ያለ ዝናብ አለፈ፤ በዚያ ቀን ካልዘነበ ዓመቱ ድርቅ ነው ይባላል። የዚያን ሰሞን ጄኒቫል እየሳቀ መጣ።

«ሰማሽ? የእናቴን የቅዱስ ዮሴፍ ምስል ሰረቁት!»

«አትለኝም!»

«ካባውን አጥባ ባለበሰችው በማግሥቱ። ለሌባው አዘገጃጅታ አስረከበችው በይው።»

በእኛ ዘንድ ይህ ወግ ነው። ሰማዩ ሲጨክን የጎረቤት ቅዱስ ይሰረቃል። ምስሉ ቤቱ ይናፍቀዋል፣ ለመመለስ ሲል ዝናብ ያመጣል ይባላል። ዝናቡ ሲመጣ ሌባው በመዝሙርና በርችት ይዞት ይመጣል፣ ባለቤትዮዋም ደግሳ ትቀበለዋለች። እስከዚያ ሌባው ከታወቀ ወይም ቅዱሱ ከተመለሰ ዝናቡ ይቀራል። ስለዚህ ማንም አይጠይቅም፣ ማንም አይናገርም።

«ማን ይመስልሻል?»

«ነውር ነው፣ ይሄ አይጠየቅም» አለች ዶራ።

ከኋላዋ ሴኡ አኒዚዮ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ወሬ ላም አያበላም» ብለው አንድ እቅፍ ድርቆሽ ይዘው ገቡ።

ጄኒቫል ተከትሏቸው እስከ ሳፋው ድረስ ሄደ። «ሴኡ አኒዚዮ፣ አንድ ነገር ልንገርዎት። ከቤቴ ጀርባ የዝሆን ጆሮ የሚሉት የቁልቋል ዓይነት ተክያለሁ። ተባዩ አይደፍረውም። ለዘር የሚሆን ቅጠል ላምጣልዎት፤ ይህኛው ነገ አንድ ነገር ቢሆን…»

«እሾህ አለው።»

«በእሳት ይለበለባል እኮ። እኔው እለበልብልዎታለሁ።»

«የሚስቴን ቁልቋል ነቅዬ እሾህ ልትከል? ላሜን ለእሾህ አልሰጥም። ልጄንም እንደዚያው!»

ስለ ልጃቸው ማንም አላነሳም ነበር። ዶራ አቀረቀረች። ጄኒቫል ምንም ያልተበላሸውን የአህያውን ልጓም ማስተካከል ጀመረ።

ግንቦት ላይ፣ ሽማግሌው ገበያ በሄዱበት ቀን፣ ኮከብ የምትባለው ላም ምጥ ያዛት። ጥጃው እግሩን አጥፎ ተቀርቅሯል። ዶራ ብቻዋን ጎተተች፣ ጸለየች፣ እንደገና ጎተተች። ላሚቱ ዓይኗ መገልበጥ ሲጀምር የጋሪ ድምፅ ሰማች።

«ጄኒቫል! ድረስልኝ!»

«ልታጠብ…»

«ሞተችብኝ! ድረስ!»

አጥሩን ዘለለ። በረቱ ከማሳው ጀርባ ነው፤ አቋራጩ በቁልቋሉ መሀል ነው፤ በመሀሉ ሮጠ። ክንዱን አስገብቶ የጥጃውን እግር አቃና፤ ከዚያ ሁለቱም እግራቸውን በበረቱ ግንድ ላይ ተክለው አብረው ሳቡ። ጥጃው ዱብ ሲል እነሱም ወደኋላ ዱብ አሉ። ሴት ጥጃ ነበረች። ተነፈሰች። ኮከብ ዞራ ትልሳት ጀመር።

ዶራ እየሳቀች፣ እያለቀሰችም፣ ግንባሯን ትከሻው ላይ አሳረፈች። እሱ እንዳይነካት እጁን በአየር ላይ ይዞ ቆይቶ፣ በኋላ ቀስ ብሎ ፀጉሯ ላይ አሳረፈው። እንዲህ ለጥቂት ጊዜ ቆዩ። ከዚያ ቀና ስትል ሸሚዙን አየች። ደረቱ ላይ የደረቀ ቀይ ነገር አለ።

«ይሄ የላሟ ደም አይደለም» አለች።

ጄኒቫል ሸሚዙን አየ። ፊቱ ላይ የነበረው ደስታ ሁሉ ጠፋ። «ጠዋት የበሰበሰውን ቁልቋል ስነቅል ነበር» አለ። «ከዚያው ነው የመጣሁት።»

ሁለቱም ዞረው ማሳውን አዩት። አረንጓዴ ነው፤ ምንም አልሆነም።

«ላባትሽ እነግራለሁ።»

«አይሆንም! ምናልባት ምንም አይገባ ይሆናል። እንጠብቅ።»

ጠበቁ። እንዲህ ያለ መጠበቅ ለጠላትም አይስጥ። ዶራ ጎህ ሲቀድ እየወጣች ጄኒቫል የሮጠበትን መስመር ቅጠል በቅጠል ትገልጣለች። እህል አልወርድ አላት። አባቷ «ምን ሆነሻል?» ሲሏት «ሙቀቱ ነው» ትላለች። ጄኒቫል ድርቆሽ ይዞ ሲመጣ በዓይኑ ብቻ ይጠይቃታል፤ እሷ ራሷን ግራ ቀኝ ትነቀንቃለች። ገና ምንም የለም። ከዚያ ታጥቦ፣ አውርዶ፣ ሳይቀልድ ይሄዳል። በየጠዋቱ «አባዬ፣ ይባርኩኝ» ስትል፣ ሽማግሌውም «እግዚአብሔር ይባርክሽ» ሲሏት፣ ምርቃቱን የሰረቀችው ይመስላት ነበር።

አንድ ቀን ጠዋት አንዲት ነጭ ነጥብ አየች። ጨፈለቀቻት። ጣቷ ቀላ።

«እጅሽን አሳዪኝ» አለ ድምፅ ከኋላዋ።

አሳየቻቸው። ሁሉንም ነገረቻቸው፤ ምጡን፣ ጩኸቷን፣ ሸሚዙን። ሴኡ አኒዚዮ አልጮኹም። ቢጮኹ ይሻላት ነበር። አጠገባቸው ያለውን ቅጠል እንደ ሰው ፊት ዳሰስ አድርገው ወደ ቤት ገቡ። ማታ በራቸው ላይ ቆማ «አባዬ፣ ይባርኩኝ» አለች። ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። እናቷ ከሞተች ወዲህ ሳትመረቅ ስትተኛ የመጀመሪያዋ ነበር።

በማግሥቱ ጄኒቫል ያለ ጋሪ በእግሩ መጣ። ማንም ሳያዘው ታጠበ። ባርኔጣውን ይዞ በሩ ላይ ቆመ።

«እኔ ነኝ ያመጣሁት» አለ። «እነቅላለሁ፣ ጉድጓድ ቆፍሬ እቀብራለሁ። የዝሆን ጆሮውንም…»

«አንዲት ጥጃ አድነህ ላሞቼን ሁሉ ገደልክ» አሉት ሴኡ አኒዚዮ። «ሂድ። ድርቆሽህንም አልፈልግም።»

ዶራ እስከ ወንዙ ድረስ ተከተለችው። ወንዙ አሸዋ ብቻ ነው።

«እኔ ነኝ የጠራሁህ።»

«እኔ ነኝ ያልታጠብኩት።» ዞር አለ። «ዓርብ የጭነት መኪናው ሰው ይዞ ወደ ሳኦ ፓውሎ ይሄዳል። ተመዝግቤያለሁ።»

«አትሂድ።»

«ታዲያ ምን ላድርግ? ላሞቹ አንድ በአንድ ሲወድቁ ፊቴን እያየሽ ልትኖሪ ነው? ከምትጠዪኝ ብትናፍቂኝ ይሻለኛል፣ ዶራ።»

እጁን ያዘችውና ለቀቀችው። እየሄደ ዞሮ አላየም። ቢያይ እንደማይሄድ ያውቅ ነበር።

ዓርብ ጠዋት አባትና ልጅ ተባይ የነካውን ለመንቀል ገጀራና አካፋ ይዘው ወጡ። ዶራ ጄኒቫል ከሮጠበት መስመር ጀመረች። እዚያ ነጩ ነጥብ አልፎ አልፎ ነው፤ አዲስ ነው። ወደ ማሳው መሀል ስትገባ ግን እየበዛ ሄደ። መሀሉ ጋ ስትደርስ ቁልቋሎቹ ቆመው አልጠበቋትም። ወድቀዋል። ከሥራቸው በስብሰው ደርቀዋል።

ቆመች። ይህ የሳምንታት ሥራ አይደለም። እንዲህ ለመጣል ተባዩ ወራት ይፈልጋል። ከግንቦት በፊት፣ ከጥጃዋ በፊት፣ ከጄኒቫል ሸሚዝ በፊት እዚህ ነበረ።

«ወደዚያ አትሂጂ!» አሉ ሴኡ አኒዚዮ በድንገት። «እዚያን እኔ እነቅለዋለሁ።»

ሄደች። በወደቁት ቁልቋሎች መሀል ድንጋይ ተካቦ ትንሽ ቤት ተሠርቷል። ጎንበስ ብላ አየች። የዶና ዜፊኛ ቅዱስ ዮሴፍ በትሩን ይዞ ቆሟል። ሰማያዊ ካባው ሰማያዊ መሆኑ አይታወቅም፤ ከላይ እስከ ታች ጥጥ መስሏል።

ዶና ዜፊኛ ካባውን አጥበው ያሰጡት ሁላችንም ልብሳችንን በምናሰጣበት፣ ተባይ በወረረው ቁልቋላቸው ላይ ነው።

«አባዬ» አለች ዶራ። «በሩን ሲገቡ ይሄን አጥበውታል?»

«እኔ ታጥቤያለሁ። እጄንም እግሬንም ታጥቤያለሁ።»

«እሱንስ?»

«ቅዱስን በሳሙና ማን ያጥባል?» አሉ፤ ግን ቃሉ ከአፋቸው ሲወጣ አካፋቸውን ተደገፉ። በየቀኑ መጥተው ይሳለሙት ነበር። ዓይናቸው ስለደከመ ያዩት ካባውን እንጂ ነጩን አልነበረም። የወደቁትንም ቁልቋሎች ድርቁ የጣላቸው መስሏቸው ነበር።

ዶራ ምስሉን አነሳችው። «መኪናው ሳይሄድ እደርሳለሁ።»

«ዶራ! ዝናብ ሳይመጣ ቅዱሱ አይመለስም! መንደሩን በሙሉ ልትጨርሺው ነው?»

«እሱ ራሱ ዮሴፍ ማርያምን ባላጠፋችው ሊተዋት አልነበረም? እውነቱ ሲነገረው አይደል የመለሳት? ለጄኒቫልም የሚነግረው ሰው ይድረስለት። የሰው ስም ጠፍቶ የሚመጣ ዝናብ ይቅርብኝ።»

እየሮጠች በሩ ጋ ደረሰች።

«ቁሚ!»

ቆመች። እንደሚቀሟት አልተጠራጠረችም። ሽማግሌው እያለከለኩ መጡ። ምስሉን ከእጇ ተቀበሉ፣ ሳፋው አጠገብ ተንበረከኩ። ካባውን አውልቀው ክብሪት ጫሩበት። ከዚያ ቅዱሱን ውኃ ውስጥ ነክረው፣ ሳሙናው ዓይኑ ውስጥ እንዳይገባ እየተጠነቀቁ፣ እንደ ሕፃን አጠቡት። በሸሚዛቸው አደረቁት።

«የሰረቅሁት እኔ ነኝ» አሉ እየተነሡ። «የምመልሰውም እኔ ነኝ። ነይ።»

በባዶ ሰማይ ሥር፣ ያለ ርችት፣ ያለ መዝሙር፣ አባትና ልጅ ወንዙን ተሻገሩ። ሰው ከየደጁ ወጣ። ያማተቡ ነበሩ፣ የተራገሙም አልጠፉም።

«ሴኡ አኒዚዮ፣ ሰማዩን አላዩትም እንዴ?»

«አይቼዋለሁ» ይሉና ይራመዳሉ።

መኪናው በዶና ዜፊኛ ደጅ ቆሟል። ሰዎች ተሳፍረዋል፤ ጄኒቫል ሻንጣውን ወደ ላይ አቀብሎ አንድ እግሩን ጎማው ላይ አድርጓል። ዶና ዜፊኛ ቅዱሳቸውን በሽማግሌው ክንድ ላይ ሲያዩ እጃቸውን ወገባቸው ላይ ጫኑ።

«የሌባ ዓይነ ደረቅ፣ መልሶ ልብ ያደርቅ! እኔ እኮ ከመጀመሪያው ቀን አውቄዎታለሁ። ሰርቆ በሩን በደንብ ዘግቶ የሚሄድ ሌባ በዚህ አገር ከእርስዎ በቀር የለም። ካባውስ የት አለ?»

«አቃጠልኩት» አሉ ሴኡ አኒዚዮ። ባርኔጣቸውን አወለቁ፤ ከቤተ ክርስቲያን ውጭ ሲያወልቁ ያን ቀን ነው ያየናቸው። ድምፃቸውን ከፍ አደረጉ፤ ሰው ሁሉ እንዲሰማ ፈልገው ነበር። «ተባዩ በካባው ነው የገባው። ያስገባሁት እኔ ነኝ። ይህ ልጅ ምንም አላጠፋም። አባረርኩት፣ ልጄንም ምርቃት ከለከልኳት። ያጠፋሁት እኔ ነኝ።»

ሹፌሩ ጥሩምባውን ነፋ። ጄኒቫል ዶራን አያት። በእነዚያ የመጠበቅ ቀናት እንደሚያደርገው በዓይኑ ጠየቃት፤ እሷ ግን በዚህ ጊዜ ራሷን አልነቀነቀችም። እንባዋ እየወረደ ሳቀች።

እግሩን ከጎማው ላይ አወረደ። መኪናው ሻንጣውን እንደያዘ ሄደ፤ ማንም አላስታወሰውም።

መጥቶ በሽማግሌው ፊት ቆመ። እንደ መጀመሪያው ቀን አይስቅም።

«ሴኡ አኒዚዮ፣ ይባርኩኝ።»

ሽማግሌው ቅዱሱን ለዶና ዜፊኛ አስረከቡ። ባዶ እጃቸውን አዩት። ከዚያ አንዱን በእሱ ራስ፣ አንዱን በልጃቸው ራስ ላይ ጫኑ።

«እግዚአብሔር ይባርክህ፣ ልጄ። አንቺንም።» ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ያንን የዝሆን ጆሮህን ነገ በጠዋት ይዘህ ና። ታጥበህ።»

ያን ዓመት ዝናብ አልመጣም። በሴኡ አኒዚዮ ያላከከ ብዙ ነው፤ ዛሬም የሚያላክክ አለ። ከላሞቹም የወደቁ ነበሩ። ኮከብና ጥጃዋ ግን ተረፉ። ጄኒቫል ጠዋት ጠዋት የዝሆን ጆሮውን እሾህ በእሳት ይለበልባል፣ ዶራ ትከትፋለች፣ ከድርቆሹ ጋር ትቀላቅላለች። ሽማግሌውም ገንዳው ላይ ቆመው እሾህ ቀርቷል አልቀረም እያሉ ይጨቃጨቃሉ። ሠርጉ የተደገሰው ለቅዱሱ መመለሻ ታስቦ በነበረው ድግስ ነው።

ዝናቡ የመጣው በሚቀጥለው ዓመት፣ ከሰዓት በኋላ፣ ሁለቱም ማሳው ውስጥ ሳሉ ነው። መጀመሪያ ሽታው መጣ፣ ከዚያ ራሱ ተናዶ ወረደ። ጄኒቫል ገጀራውን ጥሎ ፊቱን ወደ ላይ አድርጎ ቆመ። ከዚያ ወደ ሚስቱ ዞረ።

«ዶራ! ዘነበ!»

ዶራ አጠገቡ ናት፤ ከራሷ እስከ እግሯ ውኃ ሆናለች። «አብረን እየበሰበስን አይደል እንዴ? አየሁት እኮ!»

«አውቃለሁ» አላት። «ልንገርሽ ብዬ ነው።»